የእትዬ ዘይነባ ዛጎል

እትዬ ዘይነባ በፎንቆ ገበያ የወተት ቅሎችን በዛጎል እያስጌጡ ይተዳደራሉ። በአንገታቸው ያሰሯት አንዲት ዛጎል ግን ለሽያጭ አልነበረችም፤ አባታቸው ለሐጅ ሲጓዙ ከምጽዋ ባሕር ዳርቻ አንስተው በነጋዴ እጅ የላኩላቸው ናት። አባታቸው ከዚያ ጉዞ አልተመለሱም።

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ዛጎል ሲያድግ የባሕሩን ሙቀት በአካሉ ኬሚካል መዝግቦ እንደሚያቆይ በኩራት ነገርኳቸው።

«እንግዲያው አባቴ የቆሙበት ባሕር ይሙቅ ይቀዝቅዝ ንገሪኛ፣ የፎንቆ ሊቅ!» አሉና ክሩን ፈትተው ከነዛጎሏ ሰጡኝ።

ወደምማርባት ሆሳዕና ከተማ ተመልሼ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ፣ የባሕሩን ሙቀት አገኛለሁ ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ ዛጎሏን አሲድ ውስጥ ጨመርኳት። አረፋ ደፈቀች፤ እየሳሳች ሄዳም ጠፋች።

መምህሬ ብርጭቆውን ሲያዩ ጮኹ፤ «ምን አደረግሽ? የሚመረመረው እኮ የወጣው ጋዝ ነው! መሣሪያው ያለው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው!»



በፎንቆ የገበያ ቀን ባዶውን ክር ይዤ እትዬ ዘይነባ ፊት ቆምኩና እውነቱን ተናገርኩ። መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አባቴም ወሬያቸው ጠፍቶ ቀሩ» አሉ። «አንቺስ መጥተሽ ነገርሽኝ።»

ክሩንም ተቀብለው፣ ባዶውን፣ አንገታቸው ላይ አሰሩት።