በግራ በኩል ያለው በር

ፕላዝማ የሚባለውን ነገር ጠልቼው እሞታለሁ። ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ መንግሥት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን በብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፈና ትምህርቱ በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይመጣ ጀመር። እኔ ላሊበላ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራዬ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ማብሪያውን ተጭኖ፣ ጥግ ይዞ መቆም ሆነ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል። ጥያቄ ይጠይቅና ልጆቹ እስክሪብቷቸውን ሳያነሱ «በጣም ጥሩ!» ይላል። ማንን ነው በጣም ጥሩ የሚለው? ከየገጠሩ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። እኔ ጥጌን ይዤ እበግናለሁ።

የልብ ትምህርት በተራው ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይሯሯጣል፣ ሰውዬው ይለፈልፋል፤ ደሙ ከሳንባ ተመልሶ በግራ በኩል ሊገባ ሲል መብራት ድርግም አለ። ተመስገን አልኩ። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳውን የሚሞላ ልብ ሣልኩና በአማርኛ አስረዳሁ። ልብ አራት ክፍል አላት፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ሰውነትን ዞሮ የተመለሰው ደም በቀኝ በኩል ባለው የላይኛው ክፍል ይገባል። ከዚያ በበር ወደ ቀኙ የታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ ያ ክፍል ይኮማተርና ወደ ሳንባ ይገፋዋል። ሳንባ ውስጥ አየሩን ቀይሮ ወደ ግራው የላይኛው ክፍል ይመለሳል፤ እንደገና በበር ወደ ግራው የታችኛው ክፍል ይወርዳል። ይኼኛው ከሁሉም ጉልበተኛው ነው፤ በትልቁ ደም ቅዳ አድርጎ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ያደርሰዋል። በሮቹ የሚከፈቱት ወደ ፊት ብቻ ነው። ልጆቹ ገባቸው፤ ከፊታቸው ያስታውቃል። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያው የልብ ትምህርት ወደ ገዛ ቤቴ እንደሚመጣብኝ ምን አውቄ።

የእናታችን የመጨረሻ ልጅ እህቴ ናት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን እየደጋገመ ያማት ነበር። መንደሩ «እንጥሏ ወርዶ ነው» አለና እንጥል ቆራጭ ተጠርቶ ተቆረጠላት። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቷ ያብጥ ጀመር፤ እሱ ተሻላት ስንል ክርኗ፣ እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ። «ብርድ ነው» ተባለ፤ ቅቤ ተቀብታ እሳት ዳር ተቀመጠች። ዳነችና ሁላችንም ረሳነው። አድጋ ወደ ኩልመስክ በኩል ተዳረች። ውሃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ እንስራውን አውርዳ፣ ደረቷን ይዛ ትቀመጥ ነበር። አማቷ ይህን አይታ «ሰነፍ ልጅ ነው የሰጣችሁን» ብላ ላከችብን፤ ባልየውም እናቱን ሰምቶ መለሳት። ሰነፍ! ይህቺን ቃል በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል። በታመመ ልብ ዳገት ለዳገት ውሃ ያመላለሰች ልጅ ሰነፍ ከተባለች፣ ጎበዝ የሚባለው ማን ሊሆን ነው?

ከአሸተን ማርያም ሥር ወዳለው የእናቴ ቤት ስትመለስ እኔ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወደ ደሴ ላኩን። ደሴ ደረቷ በመሣሪያ ታየ። ሐኪሙ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያመማት ነገር ልቧ ላይ ጠባሳ ትቶ እንደሄደ ነገረን፤ ከሳንባ የተመለሰው ደም የሚያልፍበት፣ በግራ በኩል ያለው በር፣ ጠቧል። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና አለ፤ ተራው ግን ረጅም ነው። ተራዋ እስኪደርስ በየወሩ መርፌ ትወጋለች፣ ከሰውነቷ ውሃ የሚቀንስ ክኒን በየቀኑ ትውጣለች፣ ጨው ትተዋለች፣ ውሃም ለክታ ትጠጣለች። «ውሃ ካበዛሽ መሄጃው ሳንባሽ ነው፤ በዚህ እንዳትቀልጂ» አላት። እኔ ግን ጆሮዬ ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ነበር። ጉሮሮ! በርካሽ መድኃኒት የሚድን የልጅ ጉሮሮ! እኛ በምላጭ እንጥሏን ቆረጥን።

መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ እህቴ ብርጭቆዋን ሳትነካ «እታለም፣ በሩ ከጠበበ ደሙ የት ይሄዳል?» አለችኝ።

«የገና በዓል ሲደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምናልፍበትን ጠባብ ዋሻ ታውቂው የለ?» አልኳት። «ከፊት ያለው አላልፍ ሲል ከኋላ የሚመጣው ይከመራል። ያንቺም ደም እንደዚያ ነው። ከበሩ ኋላ ይከመራል፤ ከበሩ ኋላ ያለው ደግሞ ሳንባሽ ነው።»

ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ «እንዲያ ከሆነ ውሃ ስጠጣ ሰው ጨመርኩበት ማለት ነዋ» አለች።

ከተማሪዎቼ ሁሉ ቀድሞ ገባት። ከዚያ በኋላ ውሃዋን በአንዲት ኩባያ እየለካች፣ ክኒኗን ሳታዛንፍ እየዋጠች ከረመች። ፊቷ ተመለሰ። ጥጥ ትፈትላለች፣ ከእናቴ ጋር ትሳሳቃለች፤ አንድ እሑድማ ቀስ እያለች አሸተን ወጥታ አስቀድሳ ተመለሰች። እናቴ ግን ይህን ሁሉ እያየች ሆዷ አላረፈም። ልጇ ተሽሏታል እንጂ አልዳነችም፤ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒን ደግሞ ለእናቴ መድኃኒት አይደለም፣ ማታለያ ነው።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። እኛ መምህራን ክረምቱን እንዳናርፍ ወልድያ ለሥልጠና ተጠራን። ስለ ልማት ሠራዊት፣ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ከጠዋት እስከ ማታ ይነገረናል። ያቺ በፕላዝማ ጥግ የምትቆም መምህርት አሁን ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። እናቴ እኔ ከከተማው መውጣቴን ስትጠብቅ ነበር። እኔ ካለሁ እሺ እንደማልል ታውቃለች። እህቴን ይዛ፣ ከመንደራችን የግማሽ ቀን መንገድ ወዳለ ጸበል ሱባኤ ገባች።

ጸበል አልጠላም። እኔም ተጠምቄበታለሁ፣ ጠጥቼዋለሁ፣ አምኜበታለሁም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኛ አገር ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት አይነካም ይባላል፤ እምነት ማጉደል ነው ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ይባላል ብቻ። እናቴም የእህቴን ክኒን ቤት ትታ፣ ልጇን ብቻ ይዛ ሄደች።

እዚያ የሆነውን እናቴ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ ያውም በኩራት። ጠዋት በባዶ ሆድ በጣሳ እየተቀዳ ይሰጣታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ከዚያ ጨው የተነሰነሰበት ቆሎ ትበላለች፤ በላዩ እንደገና ጸበል። እህቴ «እማዬ ይብቃኝ፣ ደረቴ ሞላ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል» ብላለች። እናቴ ደግሞ «ይኼን የምትይው አንቺ አይደለሽም፤ የያዘሽ ነው የሚናገረው። ጠጪ ልጄ፣ እኔ ልሙትልሽ ጠጪ» እያለች ጣሳውን አፏ ላይ ትይዝላታለች። አብረው የገቡት ሴቶችም «ጠጪ! ሊለቅሽ ነው!» ይላሉ። ትንፋሽ ባጠራት ቁጥር ክፉው መንፈስ ተቃጠለ ተባለ። መተኛት ሲያቅታት፣ ቁጭ ብላ ስታድር፣ እየተጨነቀ ነው ተባለ። አንድ ቀን በጠዋት ስትስል ደም የቀላቀለ አረፋ ወጣት። ያኔ እልል ተባለ። «ወጣ! ወጣ!» ተባለ። እናቴ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ሳንባዋ እኮ ነው! የተከመረው ደምና ውሃ መሄጃ አጥቶ ሳንባዋን አልፎ በአፏ ሲወጣ እልል አሉ!

ወልድያ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ደወለልኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እህትሽ በረታች፤ በሽታው ቀይ አረፋ ሆኖ ወጣላት» አለኝ። ከዚያ ቦርሳዬን እንኳን ሳላነሳ ወጣሁ። አስተባባሪው ተከትሎኝ «ያለ ፈቃድ መውጣት አይቻልም፤ ስምሽ ይተላለፋል» አለኝ። አስተላልፈው፣ ወደፈለግክበት አስተላልፈው አልኩት። በጭነት መኪና ጋሸና ደረስኩ፤ ከጋሸና በጭቃ እየተንሸራተትን ላሊበላ፤ ከላሊበላ በእግሬ። መንገዱን ሁሉ ሰውን ስራገም ነው የሄድኩት።

ስደርስ ድንጋይ አጥር ተደግፋ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እግሯ አብጦ በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል። አየችኝና በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ «እታለም፣ ሰው በዛ» አለች።

እዚያው በቅጥሩ ውስጥ ጮህኩ። አላፈርኩም። የጸበሉ አባት፣ እርጅና የተጫናቸው ቄስ፣ ከነመቋሚያቸው መጡ።

«አባ፣ መድኃኒቷን እንድታቆም ያዘዟት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ?» አሉ ደንግጠው። «ማን ጠየቀኝ ልጄ? እኔ መች ከለከልኩ?» እጃቸውን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ሰደዱና ግማሹ የተዋጠ የክኒን እሽግ አወጡ። «ይኸው፣ የደም ግፊት አለብኝ። በጸበል ነው የምውጠው።»

እናቴ አጠገባችን ቆማ ክኒኑን አየች፣ አቀርቅራ ነጠላዋን ታጣጥፍ ጀመር። እኔ ግን እሳቸውንም አልማርኳቸውም። «በየጠዋቱ እየባረኩ ውሃ ሲሰጧት፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ብለው እርስዎስ ለምን አልጠየቁም?» አልኳቸው። ቄሱ ዝም፣ እናቴ ዝም፣ እልል ሲሉ የነበሩት ሴቶች ዝም። ከዚያ በፊት ነበር ዝም ማለት።

ጸበሉ ዘንድ የነበሩ ጎረምሶች ቃሬዛ አሰሩ። ቃሬዛ የተሠራው ለሚተኛ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ከተኛች ትሰጥማለች። ነጠላና ጋቢ ከጀርባዋ ከምሬ ቀና አደረግኳት፤ በዚያ በሚያንሸራትት ቁልቁለት ግን ቃሬዛው ባዘነበለ ቁጥር ትንሸራተታለች። ተሸካሚዎቹ ጾመኛ ናቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸውም አላወረዷትም፤ እነሱን አልወቅስም። እጇን ይዤ ከጎኗ እሮጣለሁ። የእጇ ትርታ መጀመሪያ ይሮጥ ነበር፣ ከዚያ ይዘል ጀመር፣ ከዚያ ጠፋብኝ። መኪና ከሚገባበት መንገድ ሳንደርስ አለፈች።

ለቅሶው ላይ እናቴ ደረቷን እየደቃች ወደ እኔ ዞረች። «ሱባኤውን ብትጨርስ ትድን ነበር! ሊለቃት ጀምሮ ነበር! አንቺ ነሽ ያወጣሽብኝ!» አለች። ዘመዶቻችን አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዷ አክስታችን «የተማረ ሰው እንዲህ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሁሉንም ልናገራቸው፣ ድንኳኑ ውስጥ መሬት ላይ ልብ ሥዬ፣ አራቱን ክፍል፣ በሩን፣ ሳንባውን፣ ጣሳውን ላሳያቸው አፌን ከፈትኩ። ያኔ የእናቴን እጅ አየሁ። ጣሳውን የያዘው እጅ ነው። አፌን ዘጋሁት። የዘጋሁት ስለራራሁ ብቻ አይደለም፤ ንዴቴ ከአፌ ከወጣ እናቴንም አብሬ እንደምቀብራት ስለገባኝ ነው።

ዓመታት አለፉ። እናቴ አርጅታ እኔ ዘንድ ላሊበላ መጣች። እኔ በየዓመቱ ልብን አስተምራለሁ፣ ደሙን ከክፍል ወደ ክፍል እነዳዋለሁ፤ ግራው በር ላይ ስደርስ ድምፄ ይሻክራል። ልጆቹ እነሱ ላይ የተቆጣሁ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀምን ሳለ እናቴ ቀና ሳትል፣ «አንቺ የልብን ነገር ታውቂያለሽ አሉ» አለችኝ።

«አስተምራለሁ።»

«እውነቱን ንገሪኝ እንግዲህ። ልጄን የገደላት ውሃው ነው?»

ምስሩ ላይ የነበረው እጇ ቆመ። እኔ እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱን በር አውቀዋለሁ። ከጣሳው እስከ አረፋው ድረስ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ እናገረዋለሁ። ዘመኔን ሁሉ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ የነበረውን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«አይደለም እማዬ» አልኳት።

ትንፋሿን ለቀቀች። «እኔስ ብያለሁ» አለች፤ እጇም ወደ ምስሩ ተመለሰ። «ሱባኤውን አቋርጣ ነው። አንቺ ባታወጫት ኖሮ ትድን ነበር።»

ጥርሴን ነክሼ «አዎ» አልኳት።