ጫሞ ላይ የተወረወረው ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤዛ እጮኛዋን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን የጫሞ ሐይቅን አሳ በሚያቃጥል ዳጣ እየበላን፣ በማግስቱ በጀልባ አዞና ጉማሬ ሊያዩ እንደሚሄዱ ነግረውኝ አብሬያቸው እንድሄድ ለመኑኝ። እንደማልሄድ ስነግራቸው ልጁ ክፋት ሳይኖረው፣ ፈገግ ብሎ፣ "እትዬ፣ ለጉማሬ ብለው ባል ትተዋል የሚባለው እውነት ነው?" አለኝ።

ይህን ቀልድ ጨንቻ ለቅሶ ስሄድ ሰምቼዋለሁ፤ ሰርግ ቤትም ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ቀልዱ ውስጥ አንዲት ሴት፣ አንድ ባልና አንድ ጉማሬ እንጂ ሌላ ሰው የለም። ሁልጊዜ ደሜን የሚያፈላው ይኸው ነው። እጄን ታጥቤ ተመለስኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።

ያኔ ገረሴ በምትባል የደጋ ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ሰለሞን ደግሞ አርባ ምንጭ ከተማ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። መልከ መልካም፣ ተጫዋች፣ የገባበትን ቤት ሁሉ የሚያስቅ ሰው ነበር። ቀለበት ካሰረልኝ በኋላ ታላቅ እህቴ አማረች፣ የቤዛ እናት፣ ለሰርጉ ጨንቻ ላሉ ሸማኔዎች ጥበብ አዝዛልኝ ነበር። የበልጉ ዝናብ ባባራበት አንድ ቅዳሜ ሰለሞን ጫሞን አሳይሻለሁ ብሎ ጠራኝ። የሥራ ባልደረባው ታደሰና ሚስቱም አብረውን ነበሩ።

ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ገና ጭቃ ነበር። ዳር ዳሩን ማንጎ የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ የበሰለው ፍሬ ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። ደጋ ያደገ ሰው ያን ያህል ውሃ በአንዴ ሲያይ ቃል ያጥረዋል። እኔም ጀልባው ላይ ወጥቼ ዙሪያዬን አየሁ። አዞዎቹ አሸዋው ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከነጭ ሳር ፓርክ ሜዳ በታች ባለው ዳርቻ ተሰልፈዋል። ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ደስታ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ እናደዳለሁ።

ሸምበቆው አጠገብ አንዲት ጉማሬ ከነግልገሏ ውሃው ውስጥ ተኝታ አገኘናት። የጀልባው ነጂ መርክነህ ሞተሩን ቀነሰና ከዚያ በላይ እንደማይጠጋ ነገረን፤ ልጅ የያዘች ጉማሬ ቀልድ አታውቅም አለ። ሰለሞን ካሜራውን ደግኖ አንገቷን እስክታነሳ ጠበቀ። አላነሳችም። "እኔ አስነሳታለሁ" አለና የጠጣበትን ባዶ ጠርሙስ አነሳ። ተው ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ስቆ እጄን አላቀቀና ወረወረው። ጠርሙሱ ግልገሏን መታት።

እናቲቱ ሰጠመች። መርክነህ ሞተሩን አስጮኸና ጀልባው ተፈተለከ። እኛን አጣችን መሰለኝ፣ ብቅ ያለችው ከሸምበቆው ጀርባ መረቡን ሲጎትት በነበረ አንድ አሳ አጥማጅ ላይ ነው። ከቀላል እንጨት የታሰረችው ታንኳው ለሁለት ተከፈለች። ሰውየው ውሃው ውስጥ ገባ፤ ጩኸቱን ሁላችንም ሰማን።

ሰለሞን ወደ ኋላ እንኳ ሳይዞር መርክነህን "ቀጥል" አለው።

"አዙር" አልኩ እኔ።

መርክነህ ሁለታችንንም አየን። ታደሰና ሚስቱ አንገታቸውን ደፉ። ተነስቼ ቆምኩና ሰውየውን ሳናወጣ ከሄድን እኔም ውሃው ውስጥ እገባለሁ አልኩት። እገባ ነበር ወይ? ዛሬም አላውቅም። መርክነህ ግን አዞረ። ጉማሬዋ ወደ ግልገሏ ተመልሳ ነበር፤ ሰውየው ስባሪ እንጨት ታቅፎ ተንሳፍፏል። መርክነህና እኔ ጎትተን አወጣነው። ክንዱ ከክርኑ በላይ ደቅቋል። በነጠላዬ ጠቅልዬ አሰርኩት። ሰለሞን ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ስንቃረብ፣ "ጠርሙስ የሚባል ነገር የለም፤ አውሬ ነው፣ አውሬ ደግሞ ያጠቃል" አለን።

እንዳለውም ሆነ። ሰውየውን ሆስፒታል አድርሰን ፖሊስ ሲጠይቅ ታደሰና ሚስቱ ምንም እንዳላዩ ተናገሩ። መርክነህ ለእንጀራው ፈርቶ ዝም አለ። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ሰለሞን ግን ደንግጣለች፣ የምትለውን አታውቅም አለ፤ እሱን አመኑት። ጭራሽ ጥፋቱ ወደ ተጎዳው ሰው ዞረ፦ እዚያ ቦታ መረብ መጣል አልነበረበትም ተባለ።

ቀለበቱን በማግስቱ መለስኩ። ሽማግሌ ተላከ፣ አባቴ ተቆጣ፣ እህቴ አለቀሰች። ወንድ ልጅ ይጫወታል፣ በጨዋታ ትዳር አይፈርስም አሉኝ። ያኔ ነው ቀልዱ የተፈጠረው። ፈጣሪው ራሱ ሰለሞን ነበር፤ ሰው በሳቀ ቁጥር ነገሩ እየቀለለ ሄደ።

አሳ አጥማጁ አልታዬ ይባላል። ክንዱ ሳይዘረጋ ቀረ፤ መረብ መጎተት ስላልቻለ ምዕራብ ዓባያ ሄዶ የሙዝ እርሻ ጥበቃ ተቀጠረ። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠየቅኩት። ሙዝ ቆርጦ አቀረበልኝና ጠርሙሱን የወረወረው የትኛው እንደነበር ጠየቀኝ። ነገርኩት።

"መጥቶ ቢያየኝ ጥሩ ነበር" አለ።

ተርኬ ስጨርስ የቤዛ እጮኛ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ልጁ ጨዋ ነው። ቤዛ ግን እጄን ይዛ፣ "አክስቴ፣ ስንት ዘመን አለፈው፤ አሁን እንኳ ይቅር በይው" አለችኝ። የንስሐ አባቴም እንዲሁ ይሉኛል። ቁጣ ባለቤቱን ይበላል ይባላል፤ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አስቤበታለሁ። ከእኔ የተወሰደው አንድ ሰርግ ነው፤ እሱን ከተውኩት ቆየሁ። የክንዱን ይቅርታ መስጠት የሚችለው ባለ ክንዱ ብቻ ነበር። ሰለሞን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቀው አልታዬን አምና በክረምቱ ቀበርነው። ሰለሞን ዛሬም አርባ ምንጭ ነው የሚኖረው፤ ምዕራብ ዓባያ በመኪና ቅርብ ነው፤ መንገዱም አስፋልት ነው።