የሙሽራዋ መኪና በር

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአባቴ ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። አባቴ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ባለች ጠባብ ጋራዥ መኪና ቀለም ይቀባ ነበር። ሰው የሚያደንቀው መጨረሻ ላይ የሚያብረቀርቀውን ቀለም ነው፤ እኔን ይገርመኝ የነበረው ግን ከዚያ በፊት ያለው ሥራ፣ አሮጌውን ቀለም ማላቀቁ ነበር።

የተፈታውን በር ሁለት በርሜል ላይ ያስተኛና ቀለም የሚያላቅቀውን ኮስቲክ ሶዳ በብሩሽ ይቀባዋል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጠረን ሲነሳ እኔ ደጅ እንድቆም እታዘዛለሁ። ቀለሙ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ሲያብጥ በስፓቶላ ይገፈዋል። ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር ይወጣል። «ይኸው፣ ሦስት ጌታ አይቷል» ይለኛል። ከዚያ ደጋግሞ አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ፣ ብረቱ ሲነጣ ይጠራኛል። የእሱ ጣቶች በሶዳውና በወረቀቱ ብዛት ደንዝዘው ስለነበር፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብረቱን የምዳብስለት እኔ ነበርኩ። የቀረ ቀለም ወይም ዝገት ካለ ጣቴ ያገኘዋል።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ይርጋ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ቆመው ይጠብቁ ነበር። በማግስቱ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ሙሽራዋ የምትሄደው በእሳቸው መኪና ነው። አንዱን በር ጋሪ ገጭቶት ነበር።

«ስማ ወርቁ፣ ሙሽራዋ የምታገባው በሩን ነው እንዴ? ቀባ ቀባ አድርግና ልቀቀኝ!»

አባቴ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «እሙዬ፣ እስቲ ዳብሺው።»

ከበሩ ግርጌ፣ ላሜራው ከታጠፈበት ላይ፣ ሻካራ ነገር ተሰማኝ። በሰው ፊት መናገር ሞት የሚመስለኝ ልጅ ነበርኩ። ዝም ብል ሠርጉ ያምራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ቀለሙ አብጦ ይነሳል፣ የሚታማውም አባቴ ነው።

«አለ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ይርጋ።

«አልጠራም ነው የምትለው። እንደገና ልሠራው ነው፤ ለነገ አይደርስም።»

«በሕፃን ጣት ሠርጌን ልታበላሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። እሷ አለ ካለች አለ።» ይህን ብሎ ሶዳውን እንደ አዲስ በጠበጠ። ራሱ ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም።

በማግስቱ መኪናው ሦስቱ በር ሰማያዊ፣ አንዱ ራቁቱን ብረት ሆኖ ሙሽራዋን ይዞ ወጣ። የሰፈር ልጆች «የብር በር! የብር በር!» እያሉ ተከተሉት። ጋሽ ይርጋ ተኮሳትረው ሰኞ መኪናውን ወደ ጋራዡ መለሱት። ክረምቱ አልፎ ሌላ መኪና ይዘው ሲመጡ ግን ገና ሳይወርዱ የጠየቁት «ያቺ ልጅ አለች?» ብለው ነው።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስሰጥ ድምፄ ያው የድሮው ነበር፤ «ጮክ በይ፣ አይሰማም» እባል ነበር። አባቴ በዚያ ሁሉ የመዶሻ ጩኸት መሃል አንድም ቀን «ድገሚው» ብሎኝ አያውቅም።