ቡራሌ ሳሎኑ ውስጥ ያስገባው ባሕር

ቡራሌ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ መጋረጃ ሰፊ ነው። ያደገው ድሬዳዋ ሲሆን ሚስቱን ናስተሆንም ያገኛት እዚያው፣ አንድ ክፍል ሲማሩ ነው። ሐርጌሳ ከገቡ ወዲህ አማርኛ የሚያወሩት ሲጨቃጨቁ ብቻ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ዘንድሮ ግን ጎረቤቱ ሁሉ አማርኛ ሊለምድ ምንም አልቀረው።

ነገሩ የመጣው ከዓሣ ነው። ቡራሌ ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የመስታወት ሳጥን አቆመ። የሚያውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ንጉሤ ከበርበራ የባሕር ውሃ በጀሪካን አመጣለት፤ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦችም ገቡበት። ቀጥሎ ቡራሌ የውሃ መመርመሪያ ገዛ፤ ያኔ ሰላም ጠፋ።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይለካል። «አሲዱ በዝቷል!» ብሎ የመጋገሪያ ሶዳ ይጨምራል። ማታ ይለካል። «አሁን ደግሞ አነሰ!» ብሎ ኮምጣጤ ያንጠባጥባል። ዓሦቹ ምግብ ትተው ጥግ ይዘው ያለከልኩ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ነው የምታረባው ሰላጣ ነው የምትሠራው?» አለች ናስተሆ።

«ይሄ ኬሚስትሪ ነው፤ አይገባሽም።»

«ድሬዳዋ ኬሚስትሪ ፈተና ላይ ከማን ነበር የኮረጅከው?»

ቡራሌ መመርመሪያውን አንስቶ እንደገና ለካ።

ከዚያ የእህቱ ልጅ ሠርግ መጣና ወደ ቡርዖ ሄደ። እዚያም ሆኖ ልቡ አላረፈም፤ ከዘፈኑ መሀል እየወጣ ይደውላል።

«ለካሽው?»

«ለካሁት።»

«ግማሽ ማንኪያ ሶዳ ጨምሪ።»

«እሺ።»

ሲመለስ ዓሦቹ ሳጥኑን እየዞሩ ይጫወታሉ። ቡራሌ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ንጉሤን ጠርቶ አሳየው። «አየህ? በስልክ አዳንኳቸው!»

«ማሻአላህ፣ ጋሽ ቡራሌ» አለ ንጉሤ። ሁለቱም ናስተሆ ካቀረበችው ብስኩት አነሱ።

«በሶዳው ብስኩት ጋገርኩበት» አለች ናስተሆ ለባሏ፣ ሻይ እየቀዳች። «አሁን የያዝከው እሱ ነው።»

ንጉሤን ሻዩ ትን አለው። ቡራሌ ብስኩቱን ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ መለሰ። ተቀይሞ ወደ ስፌቱ ሄደ፤ ከመግሪብ በኋላ ግን አላስችለው አለ።

«ታዲያ ምን አደረግሽላቸው?»

«ምንም። ውሃው ይተናል እንጂ ጨው አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሞላሁ። ምግባቸውን ቀነስኩ። አሲዱ ባትነካውም ጠዋት ይበዛል፣ ማታ ያንሳል። አንተ በየቀኑ ታሳድደው ነበር።»

ቡራሌ ራሱን አከከ። «ኮምጣጤውስ?»

«አለ። ላምጣልህ?»

«ተይው።»

አሁን የሚለካው በሳምንት አንዴ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። መጋረጃ ሊያሰፋ የመጣውን ሰው ሁሉ አስቀምጦ «የባሕር ውሃ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ በብዙ ጥናት የደረስኩበት ነው» ይላል። ናስተሆ ከጓዳ ትሰማዋለች። አንዳንዱ ደንበኛ የመስኮቱን ልክ ሳይናገር የዓሣውን ሰምቶ ይሄዳል።