ስብርባሪውን ማን ይበላዋል?

ሥራዬን የጀመርኩት በጥርሴ ነው። ልጆች ወልጄ፣ ፍኖተ ሰላም በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ቡሬ የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን በጥራት መርማሪነት ተቀጠርኩ። ኃላፊው ጋሽ አለኸኝ አንድ የበቆሎ ፍሬ ሰጡኝና «ንከሽው» አሉኝ። ቀጭ አለ።

«ይሄ ደርቋል። ጥርስሽ ከገባበት እርጥብ ነውና መልሽው። የእርጥበት መለኪያው ባትሪ ሲጨርስ ጥርስሽ አለልሽ።»

ጆንያውን በሹል ብረት ወግቼ ናሙና አወጣለሁ፣ በወንፊት እነፋለሁ፣ ደረጃ እሰጣለሁ። ከወንፊቱ ሥር የሚወርደውን ስብርባሪ እትዬ ጥሩ በርካሽ ይወስዱታል። መናኸሪያው በር ላይ ቂጣ ጋግረው ለተሸካሚና ለገበያተኛ የሚሸጡ ሴት ናቸው።

አንድ ቀን ከበቆሎ የመኪና ነዳጅ የሚያወጣ ፋብሪካ ገዢውን ላከ። ሰውየው ወንፊቴን አይቶ ሳቀ።

«እህቴ፣ ሞተር ጥርስ የለውም! ስብርባሪውንም የነቀዘውንም ጫኝልኝ።»

ያን ሰሞን መጋዘናችን ሰርግ ቤት መሰለ! ጋሪው በጋሪ ላይ፣ ዋጋው በየገበያው ሽቅብ። አያ ይስማው የሚባሉ አባላችን «ዘንድሮስ ነቀዝም ሸጥን!» እያሉ ሲፎክሩ፣ እኔ ዝምተኛዋ ከጫኞቹ ጋር አጨበጨብኩ። የሚጣል እህል አልነበረማ!

ቅዳሜ እትዬ ጥሩ ባዶ ጆንያቸውን ይዘው መጡ። ስብርባሪ የለም።

«እንግዲህ በአንደኛ ደረጃው ዋጋ መግዛት ነው» አሏቸው ጋሽ አለኸኝ።

«ቂጣዬን የሚበላው ባለመኪና መሰለዎት?» ብለው ወጡ።

በሳምንቱ አያ ይስማው በቆሏቸውን ሸጠው፣ ቁርስ ልጋብዝሽ ብለው ወደ መናኸሪያው ወሰዱኝ። ቂጣው መዳፍ አክሏል።

«ምነው ጥሩ፣ ቂጣሽ ከሳ?»

«ግማሹን ለመኪና ሸጣችሁት ነዋ! ይሂዱና ጭስ ማውጫውን ይጠይቁት!»

ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዱ ግን ጣቱን እየላሰ «ሁለት በልቼም አልጠገብኩ» አለ።

አያ ይስማው በአባላት ስብሰባ ላይ ተነሡ። «የቅዳሜው ስብርባሪ ከፋብሪካው መኪና በፊት፣ በድሮው ዋጋ ለከተማው ይሸጥ!»

«ትርፉስ?» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

እኔም ተነሣሁ። «ፋብሪካው ሁሉንም ደረጃ ይገዛል። እትዬ ጥሩ ግን ከዚህች ስብርባሪ ሌላ የሚገዙት የላቸውም።»

እጆች ወጡ። አለፈ! ወንፊቴን ላነሣ ሮጥኩ።

የአንደኛው በቆሎ ዋጋ አልወረደም። ቂጣው ግን ሰፋ።

ለአዲስ መርማሪዎች፦ ፋብሪካ ደረጃ ሳይመርጥ ሲገዛ መጀመሪያ የሚወደደው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከወንፊታችሁ ሥር የሚወርደውን ማን እንደሚበላው እወቁ።