እናቴን ለኤምአርአይ፣ ከአስካለ ጋር

ብልባላ፣ ማለዳ

ከብልባላ የተነሳነው ሦስት ሆነን ነው፤ እናቴ፣ አስካለና እኔ። የጉዞው ዓላማ አንድ ነበር፦ የእናቴ የማህፀን በር ካንሰር በበቀለበት ቦታ ላይ መቅረቱን ወይም ወደ ጎን መሻገሩን ባሕር ዳር በኤምአርአይ ማሳየት። ሐኪሟ ነገሩን በግልጽ ነግሮናል። ካልተሻገረ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከተሻገረ ግን ቀዶ ሕክምናው ይቀራል፤ አዲስ አበባ ሄዳ የጨረር ሕክምና ወረፋ መጠበቅ አለባት።

ሳልደብቅ ልጻፈው፦ አስካለ እንድትመጣ አልፈለግሁም ነበር። አስካለ የእናቴ የክርስትና ልጅ ናት። ላሊበላ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መውጫ አጠገብ የአንገት መስቀልና የእጅ ሥራ ትሸጣለች። እናቴ የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዘመኑ፣ እንደገና ደም ስታይ የነገረችው ለእሷ ነው። ወደ ሐኪም የወሰደቻትም እሷው ናት። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የማህፀንን ሥዕል በየዓመቱ በጠመኔ እስላለሁ፤ ከእናቴም ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አድራለሁ። የሰማሁት ግን ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «አንቺ ፈተና እያረምሽ ነበር» አለችኝ። ፈተናው ታርሞ ካለቀ ቆይቶ ነበር።

በዋዜማው አስካለ መጥታ እኛ ዘንድ አደረች። የተኛችውም ከእናቴ ጋር ነው።

እስከ ላሊበላ አቧራው ፀጉራችንን አሸበተው። ከዚያ የጋሸናውን ሚኒባስ ያዝን። ሾፌሩ የእናቴን ቦርሳ ሲጭን ቀና ብሎ አየን።

«እማማ፣ ሁለት ልጅ አስከትለው ነው የሚሄዱት! ምን ይጎድልዎታል?»

«ልጇ እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ የክርስትና ነኝ» አለች አስካለ እየሳቀች።

«እንግዲያውስ የእሷ ይበልጣል» አለ ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ። «አንቺን ተፈጥሮ ነው የሰጣቸው፤ እሷን ግን ታቦት ፊት ቆመው ነው የተቀበሏት።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔ መስኮቱን ዘጋሁ።

ጋሸና

ጋሸና ብርዱ አይጣል ነው። ነፋሱ የጭነት መኪኖቹን ሸራ እንደ ከበሮ ይደበድበዋል፤ ከመኪና የወረደ ሁሉ ጋቢውን አፉ ላይ ጠምጥሞ ወደ ምግብ ቤት ይሮጣል። እኛም አንዱ ጋ ገብተን ሽሮ አዘዝን። ዋጋው ካለፈው ዓመት እጥፍ ሆኗል፤ ሽሮው ግን ያው ነው።

ዕለቱ ረቡዕ ነበርና እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም አለች። እኔ በሥርዓት አስረዳኋት። አንደኛ፣ ንስሐ አባቷ ለሕመምተኛ ጾም እንደማይጸና ነግረዋታል። ሁለተኛ፣ ደም የፈሰሰው ሰው ደሙን መተካት አለበት። ሦስተኛውን ሳልጀምር አስካለ ጉርሻ ጠቅልላ አፏ ላይ አደረሰች።

«እማዬ፣ በሞቴ።»

እናቴ ጎረሰች። አስካለም «እማዬ» ነው የምትላት፤ እኔ እንደምላት።

ከጋሸና ወደ ምዕራብ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርገን ወረድን። የድንቹ ማሳ እያለቀ የፎገራ የሩዝ ሜዳ ሲጀምር ሙቀት ፊታችንን መታን። እናቴ ከጋሸና ጀምሮ አስካለ ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር። የእኔም ትከሻ ከወዲያ በኩል ነበር፤ እኩል ቅርብ።

ባሕር ዳር

በነጋታው በምርመራ ማዕከሉ አግዳሚ ላይ ተራ ስንጠብቅ፣ እናቴ እንዳትፈራ ብዬ ስለ መሣሪያው ነገርኳት። ኤምአርአይ ትልቅ ማግኔት መሆኑን፣ እንደ ራጅ ጨረር እንደሌለው አስረዳሁ።

«ማግኔት?» አለች። «ታዲያ ሊስበኝ ነው?»

«ብረት እንጂ ሰው አይስብም፤ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ግን...»

«ይስበዋል?»

አስካለ እጇን ያዘቻት። 

ያልጨረስኩትን ለአንባቢ ልጨርስ። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በህዋሶች መካከል ይላወሳል። በአዘቦት ቀን በላሊበላው ቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ሰው እንደ ልቡ እንደሚመላለስ ነው። ካንሰር በበቀለበት ቦታ ግን ህዋሶቹ ይታጨቃሉ፤ የገና ዕለት በዚያው ግቢ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ እጅ ማንሻ እንኳ አይገኝም። አንዱ የኤምአርአይ ዘዴ ውሃው የት እንደታፈነ ይለያል። በአንዱ ሥዕል ላይ የሚበራው ቦታ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚላወስ በሚያሳየው ሁለተኛ ሥዕል ላይ ከጠቆረ፣ ሐኪሙ እዚያ ቆም ብሎ ያያል።

እናቴ ገባች። እኛ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ከመሣሪያው ባለሙያ ኮምፒውተር አጠገብ ቆምን። መሣሪያው እንደ መዶሻ መቀጥቀጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ባለሙያው ማይክሮፎኑን ጎተተ።

«እማማ፣ አይንቀሳቀሱ!»

እንደገና ጀመረ፤ እንደገና አቆመ። ሥዕሉ ደብዝዟል። እናቴ ቀኝ እጇን እያነሳች የመሣሪያውን ግድግዳ ትዳስሳለች።

«እማማ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

«ግድግዳውን ካልዳሰስኩ በየት እወጣለሁ?» የሚል ድምፅ በድምፅ ማጉያው መጣ።

ባለሙያው ግራ ገብቶት አየን። እኛ ሁለታችንም ገብቶናል። ላሊበላ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ ሲኦል የሚባል ጨለማ ዋሻ አለ። ያለ መብራት ነው የሚታለፈው፤ ከልጅነታችን የተማርነው ቀኝ እጃችንን ግድግዳው ላይ አድርገን እንድንሄድ ነው። እናቴ በየዓመቱ የምታደርገውን ነበር ያደረገችው።

ባለሙያው አወጣትና «አንድ ሰው አብሯት ይግባ፤ ብረት የሚባል ነገር ሁሉ ያውልቅ» አለ። ሳይጨርስ ጉትቻዬን ማውለቅ ጀምሬ ነበር።

«አስካለ ትግባ» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ እኔ አለሁ እኮ!»

«አንቺ ታስረጂኛለሽ። እሷ ዝም ብላ ትይዘኛለች።»

ባለሙያው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። አስካለ መስቀሏን፣ አምባሯን፣ የፀጉር ማስያዣዋን አንድ በአንድ እያወለቀች እጄ ላይ አራገፈችው። የምትሸጠውን ሁሉ የምታደርግ ሴት ስለሆነች ብዙ ነበር። ከዚያ ጆሮ መከላከያ አድርጋ ገባች፤ የእናቴን ሁለት እግሮች በሁለት እጇ ያዘች። እኔ የእሷን ጌጥ ታቅፌ በመስታወቱ አየኋቸው። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። እንድትንቀሳቀስ አንድ አፍታ ተመኝቻለሁ፤ ይህንን መጻፍ ያሳፍራል።

ውጤቱን ያሳየችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። «ይኸውና» አለች በብዕር እየጠቆመች፤ «የሚበራው ይህ ነው። በዙሪያው ያለው ጥቁር ቀለበት ደግሞ የማህፀን በሩ ጤነኛ ግድግዳ ነው፤ አልተበጠሰም። ንፍፊቶቹም ያበጡ አይመስሉም። የመጨረሻው ቃል የቀዶ ሐኪሞቹ ነው፤ እኔ ግን የተሻገረ አላየሁም።»

እናቴ አልገባትም፤ ይህን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። የቤተ ማርያምን የገና ሕዝብ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል አዳመጠችኝ።

«ገባኝ» አለች። «ታዲያ ሕዝቡ ከቅጥሩ ካልወጣ፣ ከነቅጥሩ ያወጡታል ማለት ነው።»

«ልክ ነው እማዬ!»

«ሰማሽ አስካለ?» ብላ ዞረች፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ለእሷ ነገረቻት።

መልስ

ስንመለስ ወረታ ላይ ቲማቲም ገዛን። አስካለ ከሻጯ ጋር ተከራክራ አስቀነሰች፤ እናቴ አመሰገነቻት። ላሊበላ ስንደርስ እሷ ትወርዳለች ብዬ ነበር፤ እናቴ «ብልባላ ድረስ ሸኚኝ» አለቻት።

የሰፈሩ ሴቶች እንኳን ደኅና መጣችሁ ሊሉ ተሰበሰቡ። እናቴ ስለ መሣሪያው ስታወራ እኔ ዕድሉን ተጠቅሜ ስለ ቅድመ ምርመራ አስረዳሁ። በሽታው ለብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም እንደሚቆይ፣ ነርሷ የማህፀን በሩ ላይ ኮምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ ቀብታ እንደምታይ፣ የተለወጠ ቦታ ካለ ገና ካንሰር ሳይሆን እንደሚታከም ነገርኳቸው። ጥሩ አድርጌ ነው ያስረዳሁት። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ፣ ገብቶናል» አሉኝ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «አንቺ አስካለ፣ መቼ ነው የምትወስጂን?»

ቀናሁ። ሴቶቹ ግን በሳምንቱ ሄዱ፤ ቀድመው የተሳፈሩት እትዬ ዘነቡ ነበሩ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት የእናቴ መዳንና የእኔ መመረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። መንገድ ስጀምር አንድ መስለውኝ ነበር። የቀዶ ሕክምናዋ ቀን ተቆርጧል፤ ሌሊቱን አብራት ማደር የሚፈቀድላት አስታማሚ አንድ ብቻ ናት ተብለናል። ለመዳኗ ጠዋትና ማታ እጸልያለሁ። ማናችንን እንደምትመርጥ ግን እስካሁን አልጠየቅኋትም።