የማድያቱ እርጎ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዋና ቴክኒሻኑ አቶ ታደሰ ቴርሞሜትር አስጨበጡኝ። «ወተቱን ሰማንያ አምስት አድርሰሽ አቀዝቅዢው። እርሾውን አርባ ሦስት ላይ ጨምሪ፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ» አሉኝ። ሥራ ቦታችን ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር አጠገብ ያለች ትንሽ የወተት ማቀነባበሪያ ነበረች።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ የጥራት ቁጥጥሩን ተረከብኩ። ያኔ ባለቤቱ አቶ ግርማ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበትን ፕሮባዮቲክ እርጎአችንን የቆዳ እርጅናን ያዘገያል ብለን እንሽጠው አሉ። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አልነበረም። የአንጀት ባክቴሪያ ሲስተካከል ቆዳም ሊጠቀም ይችላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ገና ጅምር ናቸው እንጂ። ኩባያው ላይ ለሚለጠፈው ስቲከር «ሊረዳ ይችላል» ብዬ ጻፍኩላቸው። ታትሞ ሲመጣ «መጨማደድንና ማድያትን ያጠፋል» ይላል።

«ይሄ እኮ አልተረጋገጠም» አልኳቸው።

«‹ሊረዳ ይችላል› የሚል ዕቃ ማን ይገዛል?»

ፈርሜ እርጎውን ለገበያ አስወጣሁት።

አዴ ዘሀራ የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለከተማችን መርካቶ ገበያ ሲመጡ እኛ ጋ ጎራ ብለው የሳምንቱን እርጎ ይወስዳሉ። ከግራ ዓይናቸው ሥር ጠቆር ያለች ነጥብ ነበረቻቸው። «ማድያት ናት፤ ትጠፋለች ኢንሻአላህ» ይሉኝ ነበር።

በአራተኛው ወር ነጥቧ ሰፍታ ጠርዟ ደምቶ አየሁ።

«አዴ፣ ሐኪም አይቶታል?»

«ልጄ ቀጠሮ አስይዛልኝ ነበር። የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ ቀረሁ።»

አቶ ግርማ ከኋላዬ ቆመው ይሰማሉ። «ይቀጥሉበት እናቴ፣ ጊዜ ይፈልጋል» አሏቸው።

«አይቀጥሉ» አልኩ። «እርጎው ይህን አያጠፋም። የምሠራው እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።»

አዴ ዘሀራ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ታዲያ ለምን ጻፋችሁት?»

ነጭ ጋወኔን አውልቄ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። አቶ ግርማ፣ «ከወጣሽ አትመለሺ» ሲሉ በሩ ላይ ሰማኋቸው።

ከቁስሉ ቁራጭ ተወስዶ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ቤቴ ተቀምጬ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። የቆዳ ካንሰር ነበር። አልተሰራጨም፤ ቆርጠው አወጡት። ሐኪሟ፣ «ትንሽ ቢቆይ ዓይናቸው ጋ ይደርስ ነበር» አለችኝ።

የአዴ ዘሀራ ልጅ ስቲከሩን ይዛ አቶ ግርማ ቢሮ ገባች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም። በማግስቱ ደውለው፣ «ነይ፣ ጽሑፉን አንቺ አስተካክዪው» አሉኝ። «ለአንጀት ጤና ሊረዳ ይችላል፤ መድኃኒት አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ገዢ ቀነሰ። አዴ ዘሀራም ዳግም አልመጡም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፣ አይቆሙም።

የጥራት ሠራተኛ የሚፈርመው ለወተቱ ብቻ አይደለም። ኩባያው ላይ ለተጻፈውም ነው።